የአህ ፑይ ስምንት ሳምንት

ስልሳ አንድ! ስልሳ አንድ ነጥብ ተገኘ! ስልሳ ቢሆን ወድቋል፤ ስልሳ አንድ ስለሆነ አልፏል። ዛሬ ጠዋት አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘረኝ። አውጥቼ ሳየው ሰላምታ የለ፣ ማብራሪያ የለ፣ ሁለት አኃዝ ብቻ፦ 61። የተቀመጥኩት የተኛ በሽተኛ አጠገብ ስለነበር መጮህ አልቻልኩም። ተነሥቼ ወጥ ቤት ገባሁና የሰዎቹን ፎጣ አፌ ላይ ጠቅጥቄ ጮህኩ። ሲወጣልኝ ፎጣውን አጣጥፌ ቦታው መለስኩት።

ያለፈው ልጅ ክዌክ ዢሩይ ይባላል፤ በሽተኛው አባቱ ነው። የሚኖሩት ከእኛ ሁለት በር አለፍ ብሎ፣ አሥረኛ ፎቅ ላይ ነው። ሙሉ ስሙን የሚያውቁት ግን አስተማሪዎቹና ወታደር ቤቱ ብቻ ናቸው። ለሰፈራችን ለአንግ ሞ ኪዮ ሰው እሱ አህ ፑይ ነው፣ ወፍራሙ። ሕፃን ሳለ ጉንጩን እየቆነጠጡ ያወጡለት ስም ነው። በጁን ወር አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው ዘጠና ስምንት ኪሎ ይመዝን ስለነበር ስሙን ልቀይርልህ ያለው ሰው አልተገኘም።

ወታደር ቤት መግባቱ አያጠያይቅም። ወንድ ሆኖ እዚህ ያደገ ሁሉ ይገባል፤ እኔም ገብቻለሁ፣ አባቱም ገብቷል። ጥያቄው መቼ ነው። የአካል ብቃት ፈተናውን አስቀድሞ ያለፈ ልጅ ስምንት ሳምንት ይቀነስለታል፤ ያላለፈ ስምንት ሳምንት ቀድሞ ይገባና ስቡን እዚያው ያራግፋል። ለአህ ፑይ የደረሰው ወረቀት ላይ ሁለት ቀን ተጽፎ ነበር፦ ከወደቀ ኦክቶበር ሰባት፣ ካለፈ ዲሴምበር ሁለት። ሌላው ልጅ እነዚያን ስምንት ሳምንታት ለእንቅልፍና ለጌም ነው የሚፈልጋቸው። አህ ፑይ የፈለጋቸው አባቱ የሚሞተው በእነሱ ውስጥ ስለሆነ ነው።

አባቱ ክዌክ ሴንግ ሁዋት ሠላሳ አንድ ዓመት ገበያው ውስጥ ዓሣ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው። ድምፁ ከዓሣ ተራ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ይሰማ ነበር። በሜይ ወር ሆዱን ያዘውና ሆስፒታል ሄደ። ዶክተሩ ሚስቱን ጌክ ቹንና ልጁን ወደ ውጭ ጠርቶ፣ ጉበቱ ነው፣ ተሰራጭቷል፣ የዓመቱን መጨረሻ ያያል ብዬ ተስፋ ልሰጣችሁ አልችልም አላቸው። ጌክ ቹ እዚያው በሩ ሥር ቆማ የልጇን ክንድ ያዘች።

«እሱ እንዳይሰማ» አለችው። «ጨጓራ ነው እንላለን።»

በነሱ ቤት እንዲህ ነው። በሽተኛው ካወቀ ልቡ ይወድቃል፣ ልቡ ከወደቀ ቶሎ ይሄዳል ይላሉ። ስለዚህ ዘመድ ሁሉ ያውቃል፣ ጎረቤት ሁሉ ያውቃል፣ እሱ ብቻ አያውቅም። በእኛ በታሚሎቹ ቤት ቢሆን በሽተኛው ራሱ ራጁን ይዞ በር ለበር እየዞረ ያሳየን ነበር። እኔ ግን ጎረቤት ነኝ፤ ጨጓራ በል ተባልኩ፣ አራት ወር ሙሉ ጨጓራ ስል ከረምኩ።

አንድ ቀን ጌክ ቹን ሊፍት ውስጥ ብቻዋን አገኘኋት።

«ለምን ወታደር ቤቱን አትለምኑም?» አልኳት። «አባቱ እንዲህ ሆኗል ካላችኋቸው ቀኑን ይገፉላችኋል እኮ።»

«መልሱ የሚመጣው ወዴት ነው፣ አንክል ሴልቫ? እዚህ ቤት። ደብዳቤ የሚከፍተው ማነው? እሱ። ሰው ሊያጣራ ቢመጣ በሩን የሚከፍትለት ማነው? ቀኑን ሙሉ ቤት የሚውለው እሱ ነው።»

«እንግዲያስ ይሩጣ።»

«ይሩጥ» አለች። ሊፍቱ አሥረኛ ፎቅ ቆመ። ሁለታችንም ፊታችንን አስተካክለን ወጣን።

ሩጫው ሁለት ኪሎ ሜትር ከአራት መቶ ነው። በእኛ ሰፈር አራቱን ሕንፃዎች ስድስት ጊዜ መዞር ማለት ነው። ከሩጫው ሌላ በአንድ ደቂቃ የሚሠራ ፑሽ አፕ አለ፣ በአንድ ደቂቃ የሚሠራ ሲት አፕ አለ። አህ ፑይ ዕቃ ማሸጊያ መጋዘን ውስጥ ስለሚሠራ ምሽት ላይ ሊሮጥ አስቦ ነበር። ግን ጊዜው ሰባተኛው የጨረቃ ወር ነበር፣ የሙታን መናፍስት የሚለቀቁበት። እናቱ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ደጅ እንዳላይህ አለችው። «አንድ ሰው ይበቃቸዋል» አለች፤ ከዚያ ምን እንዳለች ገባትና አፏን ያዘች። ስለዚህ ማለዳ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ እኔ የስልኬን ሰዓት ይዤ፣ እሱ ካልሲውን እስከ ጉልበቱ ስቦ፣ እንወርድ ጀመር።

ችግሩ ሴንግ ሁዋትም እንቅልፍ የለውም። ዕድሜውን ሙሉ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት እየተነሣ ዓሣ ሲራገፍ የጠበቀ ሰው፣ ቢታመምም ገላው አይረሳም። ከሕንፃው ሥር ካለው የድንጋይ ጠረጴዛ ላይ በካናቴራ ተቀምጦ ይጠብቀናል።

«አህ ፑይ! ኋላህ ኤሊ እየመጣች ነው፣ መንገድ ልቀቅላት!»

«ፓ፣ ግባ እንጂ። ትንኝ ይበላሃል።»

«ትንኝ ምን አጠፋች? ሥጋ ያለው አንተ ጋ ነው!»

ልጁ ተንገዳግዶ ሲያልፍ ወደ እኔ ዞረ። «ሴልቫ፣ ይሄ ልጅ ለምን እንደሚሮጥ ታውቃለህ?»

«ጤና ነዋ» አልኩ።

«የምን ጤና! ሁለት ወር ለመደበቅ ነው። ገና ጥይት ሳይሰማ የሚሸሽ ወታደር ዓይተህ ታውቃለህ? እኔ በሱ ዕድሜ ቀኑ ራቀብኝ ብዬ ስነጫነጭ ነበር። ፈሪ ወለድኩ!» ይህን ያለው ልጁ እንዲሰማ አድርጎ ነው። አህ ፑይ ሰማ። ጀርባው ላይ አየሁት፤ ትከሻው ከፍ አለና ተመለሰ። ዞሮ «ላንተ ነው» ማለት ይችል ነበር። አልዞረም፤ ሕንፃውን ታጠፈ።

ሴንግ ሁዋት የፈለገው የወታደር ቤቱን የምረቃ ሰልፍ ማየት ነበር። ወላጆች ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ልጆቹ ቆባቸውን ወደ ሰማይ ሲወረውሩ የሚያዩበትን ቀን። ለዚያ ቀን ሰማያዊ ሸሚዝ ገዝቶ፣ ላስቲኩን ሳያወልቅ ቁም ሳጥን ላይ ሰቅሏል። «ቶሎ ከገባ ቶሎ ይመረቃል» ይለኛል። እውነቱን ለመናገር ቀድሞ የገባውም ቆይቶ የገባውም የሚመረቁት አብረው ስለሆነ፣ በየትኛውም መንገድ ቢሰላ ሰልፉ ፌብሩዋሪ ላይ ነው። ኮሪደራችን ላይ ደግሞ ፌብሩዋሪን ጮክ ብሎ የሚጠራ ሰው አልነበረም።

የመጀመሪያው ቀን አህ ፑይ ሦስተኛው ዙር ላይ ቆሞ የቆሻሻ ገንዳ ይዞ አስታወከ። በሁለተኛው ሳምንት ስድስቱንም ዞረ፦ አሥራ ሰባት ደቂቃ ከአርባ። ነጥቡ እንዲሞላለት አሥራ ሦስት ደቂቃ ውስጥ መግባት ነበረበት። ፑሽ አፑን ኮሪደር ላይ ነበር የምናሠራው። ፈተናው ላይ የሚቆጥረው መሣሪያ ነው፤ ደረትህ በደንብ ካልወረደ ምራቅህ እስኪደርቅ ብትለፋም አይቆጥርልህም። መሣሪያ ስለሌለን ነጠላ ጫማዬን አውልቄ ደረቱ ሥር አደርግ ነበር።

«አልነካህም። አልቆጠርኩም።»

«አንክል፣ ነክቻለሁ! ሽታው እኮ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ!»

«አፍንጫ አይቆጠርም፤ ደረት!»

በኦገስት መጨረሻ ሰማንያ ዘጠኝ ኪሎ ደረሰ። አባቱም እየቀነሰ ነበር። እናቱ ሁለቱንም በአንድ ሚዛን ላይ እሑድ እሑድ ታወጣቸዋለች፤ የልጁን ቁጥር ስታይ እልል ትላለች፣ የአባቱን ስታይ ሚዛኑ ተበላሽቷል ትላለች።

የፈተናው ቀጠሮ ሴፕቴምበር ስምንት ነበር። ከፈተናው በፊት ባለው ቀን ሴንግ ሁዋት በትር ተደግፎ፣ ማንም ሳያየው፣ ከመንገድ ማዶ ወዳለው የምግብ አዳራሽ ሄደ። በአሳማ ስብ የተጠበሰ ኑድል ገዝቶ፣ በየመብራት ምሰሶው እየቆመ ተመለሰ። አንድ ሳህን ብቻ። ልጁ ፊት አኖረው።

«ብላ።»

«ፓ፣ ነገ ፈተና አለብኝ።»

«ለዚህ እኮ ነው የገዛሁት» አለና ሳቀ። «ብላና ውደቅልኝ። ኦክቶበር ሰባት ራሴ እሸኝሃለሁ።»

እሱ ራሱ ከሩዝ ውሃ በቀር የሚወርድለት ነገር ካለቀ ሳምንት ሆኖት ነበር። አገጩን በእጁ ደግፎ ልጁን ያይ ጀመር። አህ ፑይ አየው፣ ሳህኑን አየ፣ ከዚያ ቾፕስቲኩን አነሣ። ጨርሶ በላ። ስቡን ሳይቀር በላ። «ምን ላድርግ አንክል» አለኝ በኋላ፤ «የሚጣፍጠው ለሱ ነበር።»

ኑድሉ ግን አልጣለውም። የጣለው ወረፋ ነው። እንዳይቀድሙኝ ብሎ በሌሊት ተነሣ፣ ከሁሉ የቀደመ መስሎት መፈተኛው ግቢ በር ደረሰ፣ ገባ። ውስጥ ሁለት ሰልፍ አየ። አንዱ አጭር ነው፣ ስምንት ዘጠኝ ቀጫጭን ልጆች፤ አንዱ ጠረጴዛውን ዞሮ እስከ መጸዳጃ ቤቱ ይደርሳል። እንግዲህ እኛ አገር ረዥም ወረፋ ያየ ሰው አይጠይቅም፤ ይቆማል። ሰው የተሰለፈው በከንቱ አይደለም፣ ጥሩው ነገር ያለው ከፊቱ ነው። እኔ ራሴ ለምን እንደቆምኩ ሳላውቅ አርባ ደቂቃ ተሰልፌ የሕፃን ዳይፐር ይዤ ገብቻለሁ፤ ቤቴ ሕፃን የለም። አህ ፑይም ረዥሙን ያዘ። ፊቱ ያሉት ሆዳቸው የወጣ፣ ፀጉራቸው የሳሳ ሰዎች ናቸው፣ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ልጆቻቸው ትምህርት የሚያወሩ። የተጠባባቂ ጦሩ አባላት ነበሩ፣ ለዓመታዊ ፈተናቸው የመጡ።

«አንተስ፣ ስንት ልጅ አለህ?» አለው አንዱ።

«ኧረ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው!»

«አይ ወንድሜ» አለና ሆዱን መታ መታ አደረገለት፣ «እኔም እንደዚያ ነው የምለው።»

ሁሉም ሳቁ፣ እሱም ሳቀ። ቀልድ መሰላቸው፤ ማንም ውጣ ያለው የለም። አንድ ሰዓት ቆሞ ፊት ሲደርስ ወታደሩ ወረቀቱን አየና ራሱን ነቀነቀ። የአጭሩ ሰልፍ ልጆች ገብተው፣ ተፈትነው፣ እየወጡ ነበር። ስሙ ላይ «ቀሪ» ተብሎ ተጽፏል።

ቤት ሲመለስ ሴንግ ሁዋት ይህን ሰምቶ ሳቀ። የሳቀበትን ሆድ በሁለት እጁ ይዞ፣ እንባው እየወረደ፣ ሕመሙ እየቀደመው፣ ግን ሊያቆም አልቻለም። «ረዥሙን ያዘ! የኔ ልጅ! ረዥሙን!» ጌክ ቹ ከወጥ ቤት አልወጣችም። ቧንቧው ሲፈስ ይሰማ ነበር።

ፈተናው የሚቆጠረው እስከ ሴፕቴምበር ሃያ ሦስት ከተወሰደ ብቻ ነው። ክፍት ቀን የለም። እናትና ልጅ በየተራ ስልኩ ላይ ተጣዱ፦ እሷ የምትሠራበት ፋብሪካ ስልክ ስለማያስገባ ማለዳ ከመሄዷ በፊትና ማታ ከገባች በኋላ፣ እሱ በምሳ ሰዓት፣ መጸዳጃ ቤት፣ አውቶቡስ ላይ። በአምስተኛው ቀን አንድ ልጅ ቀጠሮውን ሰረዘ መሰለኝ፣ አንዲት ቦታ ብልጭ አለች፤ አህ ፑይ ጠቅ አደረጋት። ሴፕቴምበር ሃያ ሁለት። ከመዘጋቱ በፊት አንድ ቀን።

ደስ ሳይለን ሴንግ ሁዋት ወደቀ። ዓይኑ ቢጫ ሆነ፣ እግሩ አበጠ፣ ከአልጋ እስከ መጸዳጃ ያለችው ስድስት እርምጃ በዛችበት። አህ ፑይ ከመጋዘኑ ሥራ ለቀቀ፤ አባቱን ትቶ መውረድም አልቻለም። ማለዳ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሰዓቴን ይዤ በሩ ላይ ብቆም በጣቱ ዝም በል አለኝ፤ አባቱ ክንዱን ይዞ አንቀላፍቷል።

«ይተዉት አንክል» አለኝ በሹክሹክታ። «ከሱ ርቄ መሮጥ አልችልም።»

ኮሪደራችን ከጫፍ ጫፍ ስልሳ ሜትር ነው። አርባ ጊዜ ብትሄድበት ሩጫው ይሞላል። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ዕቃውን ያነሡት ግን ሌሎቹ ናቸው። በማግሥቱ የጫማ መደርደሪያው ሁሉ ገባ፣ ብስክሌቱ ገባ፣ የልብስ ማስጫው ገባ። ጥጉ ላይ ያለችው አንቲ ስዊ ላን የኦርኪድ ማሰሮዎቿን እንድታነሣ ሦስት ጊዜ ማስጠንቀቂያ ተለጥፎባት አላነሣም ያለች ሴት ናት፤ ሃያ ሦስቱንም አንድ በአንድ ሳሎኗ ውስጥ አስገባች። «ለመንግሥት ያላነሣሁትን ለአህ ፑይ አነሣሁ» አለች፣ «አንዱን ቢረግጥብኝ ግን አንቀዋለሁ።»

ሰባት ቀን እንዲህ ሮጠ። የቤታቸው በር ክፍት ነው፤ በበሩ ባለፈ ቁጥር ወደ ውስጥ ያያል። ከውስጥ የሴንግ ሁዋት ድምፅ፣ ያ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ይሰማ የነበረው፣ እየቀጠነ ይመጣል። «ስንተኛ ነው?» «ሃያ ስድስት፣ ፓ።» «ዘገየህ።» ትንሽ ቆይቶ፣ «ፈሪ።» «ሠላሳ አንድ፣ ፓ።» አንዳንዴ መልስ ሳይመጣ ይቀራል። ያኔ ልጁ ቆሞ፣ ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል ያይና፣ እንደገና ይሮጣል። እኔ ያን ጊዜ ሰዓቱን አቆምለት ነበር።

ዛሬ ጠዋት ሲሄድ አባቱን እንድጠብቅ ለመነኝ። ሲመለስ የነገረኝን ነው የምጽፈው። ሁለቱን ሰልፎች አየ፣ ወደ አጭሩ ሄደ፣ ያም ሆኖ ሦስት ሰው ጠየቀ። ሲት አፑ ደህና ነበር። ፑሽ አፑ ላይ መሣሪያው ሁለት ነጠቀው። ሩጫው ላይ፣ አንድ ዙር ሲቀረው፣ ፍጥነቱ ወረደ። «ምን አሰብክ?» አልኩት፣ ትልቅ ነገር ይነግረኛል ብዬ። «በራችን የለም» አለኝ። «ባለፍኩ ቁጥር በር እፈልጋለሁ፣ በር የለም። ቶሎ ጨርሼ ልሂድ ብዬ ሮጥኩ።» አሥራ ሁለት ደቂቃ ከሃምሳ ስምንት። መስመሩን አልፎ በእጁና በጉልበቱ ተንበረከከ። ውጤቱን ያነበበለት ወታደር ሁለት ጊዜ ደገመለት፣ አልሰማ ብሎት።

ስድስት ሰዓት ላይ ሲገባ ሴንግ ሁዋት ነቅቶ ነበር። ልጁ ላቡ ሳይደርቅ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«አለፍክ?» አለው አባቱ።

«አለፍኩ ፓ።»

«ስለዚህ ዲሴምበር ነዋ።»

«ዲሴምበር ሁለት።»

ሴንግ ሁዋት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔ የእጄን ጣት እያየሁ ነበር።

«ፈሪ» አለ።

«አዎ ፓ።»

«ቤት ተጎልተህ ልትውል።»

«አዎ ፓ።»

«ሩጫውን ስንት ገባህ?»

«አሥራ ሁለት ከሃምሳ ስምንት።»

«እኔ አሥር ከሃያ ነበርኩ» አለ። ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ መጸዳጃ ቤት መሄድ እንደሚፈልግ በእጁ አሳየ። አህ ፑይ አንድ እጁን ከጀርባው፣ አንድ እጁን ከጉልበቱ ሥር አስገብቶ አነሣው። እንደ ባዶ ጆንያ ተነሣለት። ባለፈው እሑድ አርባ አንድ ኪሎ ነበር። በሩ ላይ ሲደርሱ እግሩ እንዳይነካ ልጁ ጎን ለጎን ዞረ፤ ጎረምሳው አሁን ቀጥኗል፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ገቡ።

ያለፈ ልጅ ደስታ ይሄ ነው እንግዲህ፤ ከዛሬ እስከ ዲሴምበር ሁለት ማንም አይወስደውም። ከዚያ በፊት አባቱ ይሄዳል፣ እሱ ግን እዚህ ይኖራል፣ አልጋው ጠርዝ ላይ። መውጫ ወደሌለው ሐዘን እየተጣደፈ ሮጦ የገባ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፤ ደግሞ ደርሶበት ደስ ያለውም፣ ደስ ያለኝም።

ከሰዓቱን ሙሉ ይህን ስጽፍ ቆየሁ፣ አላስቀምጥ ብሎኝ። አሁን አንድ ሰዓት ሊሆን አሥር ጉዳይ ነው። ጌክ ቹ ከማለዳ ጀምሮ ፋብሪካ ናት፣ ስልኳም ቤት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ እስካሁን ምንም አልሰማችም። አህ ፑይ አባቱን ትቶ መውረድ ስለማይችል «አንክል፣ እርስዎ ይንገሯት» ብሎኛል። የፋብሪካው አውቶቡስ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ ነው የሚያወርዳት፣ ሊፍቱ ደግሞ ዛሬም ቀርፋፋ ነው። ጫማዬ የት ገባ? በባዶ እግሬም ቢሆን እወርዳለሁ፤ ከአውቶቡሱ ስትወርድ ሳላገኛት ከቀረሁ እስከ ቤት ያለውን ሙሉ መንገድ ሳታውቅ ልትሄድ ነው።